እማዬ ዱባይ የምትደርሰው ሐሙስ ነው ዓርብ?

ሰላም ወገኖች፣ እናቴን ዱባይ ልሸኝ ነው፤ ሂሳቡ ግን አልገጥም አለኝ። ከቦሌ ዱባይ በአየር 2,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ በረራውም 4 ሰዓት ግድም። ትኬቱ ደግሞ መነሻ ሐሙስ 23:00፣ መድረሻ ዓርብ 04:00 ይላል። 5 ሰዓት! አንዷ ሰዓት የዱባይ ሰዓት ከእኛ ስለሚቀድም የመጣች ናት ብዬ ገመትኩ፤ ልክ ነኝ?

የባሰው ቀኑ ነው። 04:00 በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 10 ሰዓት፣ ገና ያልነጋ ሌሊት ነው። እህቴን «ለዓርብ አጥቢያ ጠብቂያት» ብላት ትክክል ነው? (እማዬ አውሮፕላን ተሳፍራ አታውቅም፤ ብቻዋን ቆማ እንዳትቀር ነው ጭንቀቴ።)

ቤታችን ኮዬ ፈጬ ነው። ከምሽቱ 5 ሰዓት ለሚነሳ በረራ፣ በዚያ የመንገድ መጨናነቅ፣ ከቤት ስንት ሰዓት እንውጣ? የምታውቁ እባካችሁ ንገሩኝ።