የአዲሱ ኢላማ ጠመንጃ ጥምዝ፦ ለጋራ ረቂቁ የቀረች መስመር

(የድሬዳዋና የሐረር ኢላማ ተኳሾች በጋራ ስለሚገዙት ጠመንጃ የተጻጻፉት ነው። አባላቱ የተጠሩት በሰፈራቸው ነው፦ ከዚራ፣ ሳቢያንና ለገሀሬ የድሬ፣ ጀጎል የሐረር።)

ጸሐፊ፦ የግዢው ረቂቅ ዓርብ ይገባል። የቀረችው የጠመንጃው ጥምዝ ናት፣ አረሩን የሚያሾረው በአፈሙዙ ውስጥ ያለው ጠመዝማዛ ቦይ። እኔ 1፡8 ብዬ ጽፌአለሁ። የሚቃወም ዛሬውኑ ይናገር።

ከዚራ፦ ለምን 8? የምንገዛው ጥይት የአረሩ ክብደት 55 ግሬይን ነው። ለሱ 1፡9 ይተርፈዋል፣ 1፡12 እንኳ ይይዘዋል።

ጸሐፊ፦ ዛሬ 55 ነው። ነገ 300 ሜትር እንተኩስ ስትሉ 77 ትጠይቃላችሁ። ረጅም አረር በላላ ጥምዝ ሲወጣ ይንገዳገዳል፣ ወረቀቱንም በጎኑ ይቀደዋል። ወሳኙ ርዝመቱ ነው፣ ክብደቱን ተዉት። በ1879ኙ የግሪንሂል ቀመር አስሉት። አረሩ የውፍረቱን ስንት እጥፍ ይረዝማል? 150ን ለዚያ አካፍሉና በውፍረቱ አባዙት። 77ቱ 1 ኢንች ገደማ ይረዝማል፣ ውፍረቱ 0.224 ነው። 7.5 ይመጣላችኋል። ቀመሩ ትንሽ ጥብቅ ነው፣ በተግባር 8 ይሠራል።

ገንዘብ ያዥ፦ እኔ በዚህ አልፈርምም። ባለፈው ስብሰባ ለ1 ጠመንጃ 4 ሰው ተባብለን ነበር። 8 ያደረገው ማነው?

ሳቢያን፦ አቦ እትዬ! አረሩ 8 ኢንች ሲሄድ አንዴ ይዞራል ማለት ነው።

ገንዘብ ያዥ፦ ታዲያ እንደዛ ተብሎ ይጻፋ። ኢንቹስ ምን ያደርጋል? ጨርቅ እንኳ በሜትር ነው የምንገዛው።

ከዚራ፦ ልክ ናት። 203 ሚሊ ይባል።

ሳቢያን፦ ሻጩ የላከው በኢንች ነው። 203 ብንለው መልሶ ይጠይቀናል፣ በቃ ሌላ ወር። ደግሞ እትዬ፣ ቧንቧ በምንድን ነው የምትገዢው? ግማሽ ኢንች አይደል?

ጀጎል፦ ሁለቱንም ጻፉት።

ከዚራ፦ ሁለቱም ከተጻፈ ፈቃድ ስንጠይቅ ሁለት ዓይነት ጠመንጃ ይመስላቸዋል። የጦር መሣሪያው አዋጅ 1177/2012 ቀልድ አይደለም።

ሳቢያን፦ አንተ የኢላማ ወረቀቱንም በዚሁ ጭቅጭቅህ ነው ያስቀረኸው።

ከዚራ፦ ወረቀቱን ያስቀረው መዋጮ ያልከፈለ ሰው ነው። ስሙን አልጠራም፣ ሳቢያን ነው የሚኖረው።

ሳቢያን፦ ወላሂ ደረሰኙን እለጥፈዋለሁ!

ገንዘብ ያዥ፦ ለጥፈው። እኔ ጋ የለም።

ለገሀሬ፦ ተዉ ልጆች። አባቴ ካርካኖ የሚባል የጣልያን ጠመንጃ ነበረው፣ ያ የ1891 ሞዴል። ጥምዙ ከውስጥ ላላ ብሎ ይነሳና ወደ አፉ እየጠበቀ ይሄዳል። እሱን 1፡ስንት ብላችሁ ትጽፉት ነበር?

ሳቢያን፦ ጋሼ፣ አንተ ደግሞ ጭራሽ አታወሳስብብን።

ጀጎል፦ ቁም ነገር ልንገራችሁ። ሐረር ከድሬ በ600 ሜትር በላይ ከፍ ትላለች። አየሩ ስስ ነው፣ አረር በትንሽ ጥምዝም ይረጋጋል። ልምምዱ እኛ ጋ ይሁን፣ 1፡9 ለብዙ ጥይት ይበቃል።

ከዚራ፦ ይኸው መጣ! ጠመንጃውን ሐረር ሊያስገቡት ነው።

ጀጎል፦ እዚህ ቢያንስ በቀትር ተኝቶ መተኮስ ይቻላል። ድሬ ላይ ከጋለው አፈሙዝ የሚነሳው ወላፈን ኢላማውን ያስጨፍረዋል። ጥምዝ ለዚህ ምን ይፈይዳል?

ገንዘብ ያዥ፦ ይሄስ እውነት ነው። ልጆቹ በግንቦት ልምምድ የተዉት በሙቀቱ ነው። ጥላ እንኳ የለንም።

ሳቢያን፦ እንግዲህ ከጠመንጃው ብር ይቀነስና ጣሪያ እንሥራ። ደረሰኙን ግን አልረሳሁትም፣ ሳገኘው እልካለሁ።

ጸሐፊ፦ ኧረ ሰዎች፣ ረቂቁ የጠመንጃ ነው! ሚሊውን አስተካክሎ የሚጽፈው ማነው? ከዚራ፣ ሐሳቡ ያንተ ነው።

ከዚራ፦ ማታ እልካለሁ።

ጸሐፊ፦ ከዚራ፣ ሐሙስ ሆነ እኮ።

ጸሐፊ፦ ከዚራ?

ገንዘብ ያዥ፦ ተወው። ለጊዜው የአየር ጠመንጃ ይሁን። 4.5 ሚሊ ነው፣ 10 ሜትር ሜዳ ይበቃዋል፣ የኢንች ጣጣም የለበት። የተረፈው ለጣሪያው ይሁን።

ለገሀሬ፦ ለአየር ጠመንጃ ነው እንዴ ይህን ያህል ያዋጣነው?

ጸሐፊ፦ የጥምዙ መስመር ላይ ምን ልጻፍ?

ሳቢያን፦ «ወደፊት ይወሰናል» በል።

ጀጎል፦ ጣሪያው የት ነው የሚሠራው? ድሬ ከሆነ ሐረር የሚያዋጣበት ምክንያት የለም።

ገንዘብ ያዥ፦ መጀመሪያ ያለፈውን አዋጡ።

ለገሀሬ፦ ቆርቆሮው ባለ 28 ነው ባለ 32? 32ቱን ንፋስ ይወስደዋል።

ሳቢያን፦ ባለ 30ም አለ። ነገ ዋጋ ጠይቄ እመጣለሁ።