ጨፋ ሜዳ ላይ ያየኋቸው ረጃጅም ወፎች ምንድን ናቸው?

የቃሉ ልጅ፦
ሰላም ጀመዓ። ሰሞኑን ለእረፍት ቤተሰብ ጋ መጥቻለሁ። ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ ከከሚሴ ወደ ሐርቡ ስመለስ ጨፋ ላይ ጤፍ ከታጨደበት ማሳ ከመቶ የማያንሱ ትልልቅ ወፎች ቃርሚያ ሲለቅሙ አየሁ። ቁመታቸው የአምስት ዓመት ልጅ ያክላል። አመድማ ናቸው፣ አንገታቸው ጥቁርና ነጭ ነው፣ ሲነሱ ደግሞ መለከት የሚነፋ ነው የሚመስለው፣ ከሩቅ ይሰማል። አጎቴ «ሽመላ ነው፣ ብርድ ሲገባ ይመጣል» አለኝ። እኔ የማውቀው ሽመላ ግን ነጭ ነው። ፎቶ ላነሳ ስጠጋ በረሩ። ልጆች በወንጭፍ ሲያባርሯቸው አንጀቴን በሉት። ከየት ነው የሚመጡት?

ጣና ዳር፦
ወንድሜ፣ አጎትህ ወቅቱን በትክክል ነግረውሃል፣ የሚለየው ስሙ ነው። ያየኸው ኮመን ክሬን የሚባለውን ነው። ሽመላ ነጭ ሆኖ ክንፉ ጫፍ ጥቁር ነው፣ እንደዚህም አይጮህም፣ አፉን ያንኳኳል እንጂ። ውኃ ዳር ብቻውን ቆሞ ዓሣ የሚጠብቀው አመድማ ወፍም አለ፣ እሱ ሲበር አንገቱን ያጥፋል፤ ክሬን ግን አንገቱን ቀጥ አድርጎ ነው የሚሄደው። ቀረብ ካልክ አናቱ ላይ ቀይ ታያለህ።

የሚፈለፈሉት በሰሜን አውሮፓና በሩሲያ ረግረጎች ነው። እዚያ አሁን ክረምት ነው፣ መሬቱ በበረዶ ተሸፍኖ ውኃው ይረጋል፣ የሚበላ የለም። እኛ ጋ በጋ ነው፣ አዝመራ ተነስቷል፣ ማሳው ላይ የወደቀ እህል ሞልቷል። ጥቅምትና ኅዳር ላይ ይገባሉ፣ የካቲትና መጋቢት ላይ ይመለሳሉ። ጣና ዙሪያ ብቻ በብዙ ሺህ ነው የሚከርሙት። ቀን ማሳ ላይ ይውላሉ፣ ማታ ጅብና ቀበሮ እንዳይደርስባቸው ጥልቀት የሌለው ውኃ ውስጥ ቆመው ያድራሉ። ስለዚህ ረግረጉ ከደረቀ ማሳው ብቻውን አያቆያቸውም። ጨፋን የሚወዱት ሁለቱንም ስለሚያገኙ ነው።

እሙ ሐያት፦
ማሻ አላህ! በበጋ የአፋሩም የኦሮሞውም የአርጎባውም ከብት ጨፋ ይወርድ የለ? ወፉም እንደዚያው ነው ማለት ነው። እንደ መስቀል ወፍ በዓመት አንዴ ብቅ የሚሉ።

የላስታው፦
እህቴ፣ የመስቀል ወፍ እንኳ የትም አትሄድም። ብዙ ሰው በዚያ ስም የሚጠራቸው ወፎች ወንዱ በዝናብ ወቅት ነው ያን ሁሉ ቀለምና ረጅም ጭራ የሚያወጣው። መራቢያው ሲያልፍ ላባውን ይለውጥና እንደ ሴቷ ቡናማ ይሆናል። አሁንም እዚያው አጥራችሁ ላይ አለ፣ ድንቢጥ መስሏችሁ ታልፉታላችሁ።

እኛ ላሊበላ ያለን ደግሞ የማይሄዱትን እናያለን። ማጅራቱ ላይ ነጭ ያለበት ትልቁ ቁራ ከአፍሪካ ቀንድ ውጭ የለም። አጥንት ከሰማይ ጥሎ ድንጋይ ላይ የሚሰብረው ጥንብ አንሳም ገደሉ ላይ ይዞራል። ቱሪስቱ ለእሱ ብሎ ከባሕር ማዶ ይመጣል፣ እኛ ቀና ብለን አናይም፣ ይሄ ያሳዝነኛል።

ሐይቅ ነዋሪ፦
ሐይቁም ላይ እንግዶች ገብተዋል። ትናንት ጠዋት እስጢፋኖስ ገዳም መሄጃ በኩል አፋቸው እንደ ማንኪያ የሰፋ ዳክዬዎች ነበሩ፣ ወንዱ ራሱ አረንጓዴ፣ ጎኑ ቀላ ያለ ቡናማ። እነሱም ከሰሜን ናቸው። ከብት እግር ስር የምትሮጠዋ፣ ጭራዋን ከፍ ዝቅ የምታደርገዋ ቢጫ ወፍም እንደዚሁ። ያቺን የምታክል ነገር በረሃ አቋርጣ ትመጣለች ሲሉኝ እስካሁን ይገርመኛል።

የቃሉ ልጅ፣ በማለዳ ሂድና ከርቀት ቁጠር። እግሩ ላይ ባለቀለም ቀለበት ያለው ካየህ ቀለሞቹን ከላይ ወደ ታች በቅደም ተከተል ጻፍ፣ የግራውን እግር ከቀኙ ለይ። ከየት እንደተነሳ የሚታወቀው በዚያ ነው።

ጣና ዳር፦
ልጆቹን ደግሞ አትቆጣቸው። ወፎቹ አዲስ የተዘራ ማሳ ወይም ሽንብራ ላይ ከወረዱ ገበሬው ይጎዳል፣ እውነት ነው። ጮህ ብሎ ማስነሳት ይበቃል፣ ድንጋይ አያስፈልግም። በታጨደ ማሳ ላይ ግን የሚነኩት የወደቀውን ነው።

የቃሉ ልጅ፦
አላህ ይስጣችሁ። ዛሬ ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ከአጎቴ ጋር ሄድን። ከረግረጉ ተነስተው በላያችን አለፉ፣ አንገታቸው ቀጥ እንዳለ። አጎቴ «ይሄን ሁሉ ዘመን ሽመላ እያልኩ» አለና ዝም ብሎ ቆየ። ቀለበት ያለው አላየንም። ለልጆቹ ከየት እንደመጡ ስነግራቸው ወንጭፉን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው መቁጠር ጀመሩ። እኔ 140 ነው ያልኩት፣ ትንሹ ግን 143 ነው ብሎ ድርቅ አለ፣ ነገ ደግመን እንቆጥራለን።