አስቸኳይ! የማስተምረው የኮስት አካውንቲንግ (የወጪ ሒሳብ) ኮርስ አውትላይን ተመለሰብኝ፤ «ዘላቂነት» የት ይግባ?

ጠያቂ፦ ሰላም ድሬዎች። ነገ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ማስገባት አለብኝ። መጨረሻ ላይ ምዕራፍ 9 ብዬ «ዘላቂ ልማት» ጨምሬ ነበር። ኃላፊዎቹ «ይሄ መለጠፍ ነው፣ ትምህርቱ ውስጥ ይግባ» ብለው በቀይ እስክሪብቶ ጽፈው መለሱት። ምን ላድርግ? ቶሎ በሉልኝ።

የከዚራው፦ መጨረሻ ላይ አንድ ምዕራፍ ጨምርበት። እኛ እንደዛ ነው ያደረግነው።

ጠያቂ፦ አቦ አንብበው እንጂ! እሱ እኮ ነው የተመለሰብኝ።

ጡረተኛው መምህር፦ ልጄ፣ መጀመሪያ ቃሉ ይግባህ። የተባበሩት መንግሥታት የብሩንትላንድ ኮሚሽን በ1987 እ.ኤ.አ. ያለው፣ የዛሬው ትውልድ ፍላጎቱን ሲያሟላ የመጪውን አቅም አይጉዳ ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. የጸደቁት 17 የዘላቂ ልማት ግቦችም ድህነትን፣ ጤናን፣ ትምህርትን ይዘዋል። ነገሩ ዛፍ ብቻ አይደለም።

ሰቢያን፦ ይቅርታ ጋሼ፣ ይሄ የአካባቢ ሳይንስ ሥራ ነው። ልጆቹ ዴቢትና ክሬዲት ሳይለዩ ማን ይቀጥራቸዋል?

ሸዋ በር፦ የውሃን ነገር ለሐረር ልጅ ተዉለት፣ ጀሪካን ተሸክመን ነው ያደግነው። ከተማችን ከሐረማያ ሐይቅ ትጠጣ ነበር። ለከተማ ተሳበ፣ ለጫትና ለአትክልት መስኖ ተሳበ፣ ከተራራው የታጠበ አፈር ሞላው፣ ደረቀ። አሁን ውሃ ተመልሶበታል፤ ያኔ ግን ከብት የሚግጥበት ሜዳ ሆኖ ነበር። ስለዚህ ምዕራፍ አትጨምር። ያለህን የዩኒት ኮስት (የአንዱ ምርት ወጪ) መልመጃ አውጣና የሸሚዝ ፋብሪካውን በጫት ማሳ ቀይረው። ማዳበሪያው፣ የቀን ሠራተኛው፣ የፓምፑ ናፍታ ሁሉም ይመዘገባል። ውሃውስ? ዜሮ። ሐይቁ ሲያልቅ ውሃ ከሩቅ ማምጫው ስንት ነው፣ በማን ሒሳብስ ይጻፋል? ሰቢያን፣ ዴቢትና ክሬዲትህ ይኸው።

የከዚራው፦ ጫቱን በምሳሌ ብቻ፣ ይዘህ ክፍል እንዳትገባ! ለማንኛውም አንድ ምዕራፍ ጨምርና ተገላገል።

ሲቪል ነኝ፦ እኛ ሃይድሮሎጂን (የውሃ ፍሰት ትምህርትን) ድሬዳዋ መሃል ያለው ደቻቱ ወንዝ ወስደን ነው የምናስተምረው። ተማሪው ደረቅ አሸዋ ላይ ቆሞ «ይሄ ወንዝ ነው?» ይላል። ሐምሌ 1998 ላይ ግን በአንድ ሌሊት ከ200 በላይ ሰው ነው የወሰደብን። ድሬ ሳይዘንብ ደጋው ላይ የዘነበ ይወርዳል። ቀመሩ የድሮው ነው፤ የተራራው ደን ሲመነጠር የሚለወጠውን ቁጥር ራሳቸው ያስገባሉ። አዲስ ምዕራፍ የለንም።

ሰቢያን፦ እንደዛ ከሆነ እሺ። ፈተና ላይ ካልመጣ ግን ማንም አያነበውም።

ሸዋ በር፦ እሱስ ልክ ነህ። ከሚድ ኤግዛሙ አንድ ጥያቄ ይሁን።

ጠያቂ፦ ተባረኩ! ምዕራፍ 3ን እየቀየርኩ ነው። የመስኖ ፓምፕ በሰዓት ስንት ሊትር ናፍታ ይበላል? ፓምፕ ያለው ሰው የለም?