የአባቴ ፋይብሪኖጅን ከፍ ብሏል፤ አስፕሪን ይጀምር?

ጥያቄ
ሰላም ለሁላችሁ። አባቴ 61 ዓመቱ ነው፣ ስኳር ከያዘው 12 ዓመት ሆኖታል። ሰሞኑን ሲመረመር ፋይብሪኖጅን (ደም እንዲረጋ የሚያደርግ ፕሮቲን ነው አሉኝ) 460 ወጣ፣ ወረቀቱ ላይ መደበኛው ከ200 እስከ 400 ይላል። ዲ-ዳይመሩ ደህና ነው። ልቡን አሞት አያውቅም፣ ስትሮክም አልነበረበትም። ግን "ደሜ ሊረጋ ነው" እያለ ሌሊት ሁሉ ተነስቶ ወረቀቱን ያያል። እኔም ፈርቻለሁ። በየቀኑ አስፕሪን ይውሰድ እንዴ?

መልስ (ላብራቶሪ የምሠራ)
እህቴ፣ መጀመሪያ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ከምርመራው በፊት ጉንፋን፣ ቁስል፣ የጥርስ ሕመም ነበረባቸው? ያጨሳሉ? ፋይብሪኖጅን ጉበት የሚያመርተው ፕሮቲን ነው፣ ኢንፌክሽን ሲኖር ከፍ ይላል፣ ሲድኑ ይወርዳል። ዲ-ዳይመር ሌላ ነው። የረጋ ደም ሲሟሟ የሚቀር ስብርባሪ ስለሆነ፣ በዋናነት የሚያገለግለው እግር ወይም ሳንባ ውስጥ የረጋ ደም አለመኖሩን ለማረጋገጥ ነው። የነገ ልብ ሕመም መተንበያ አይደለም።

መልስ
ስኳር ያለበት ሰው ደም ለመርጋት ይቀናዋል፣ ይሄ እውነት ነው። ፕሌትሌቶቹ (ደም እንዲረጋ የሚረዱት ጥቃቅን የደም ሕዋሳት) ቶሎ ይጣበቃሉ፣ በዚያ ላይ የረጋውን ደም እንዳይሟሟ የሚያግደው ፓይ-1 የሚባል ፕሮቲን ይበዛል፣ በተለይ ሆድ አካባቢ ስብ ካለ። ፋይብሪኖጅናቸው ከፍ ያለ ሰዎችም የልብ ሕመም ይበዛባቸዋል፤ ግን ቁጥሩን ብቻ በመድኃኒት ማውረድ ልብን እንደሚያድን አልተረጋገጠም።
አስፕሪኑን በተመለከተ፣ አሴንድ የተባለው ጥናት በ2018 እ.ኤ.አ. ወጥቷል። ስኳር ያለባቸው ግን የልብ ሕመም የሌለባቸው 15,480 ሰዎች በአማካይ 7.4 ዓመት ታዩ። አስፕሪን በወሰዱት ላይ ከባድ የልብና የደም ሥር ችግር ከ9.6 ወደ 8.5 በመቶ ወረደ። ከባድ መድማት ደግሞ ከ3.2 ወደ 4.1 በመቶ ወጣ። ጥቅሙን መድማቱ በላው ማለት ይቻላል። እባክሽ ያለ ሐኪም እንዳትጀምሩ።

ጠያቂዋ
ኧረ! ጥርሱ መግል ይዞ የተነቀለው ከምርመራው 5 ቀን በፊት ነው። ፊቱ እንዳበጠ ነው ደም የሰጠው። ለማንም አልነገርንም።

መልስ (ላብራቶሪ የምሠራ)
እንግዲያው 460 ብዙም አይገርምም። ድዱ ሙሉ በሙሉ ሲድን ሐኪማቸው ከፈለገ ይደገም። ኤልዲኤል (መጥፎው) ኮሌስትሮላቸውስ መቼ ታየ? የሽንት አልቡሚናቸውስ (ኩላሊት ሲጎዳ ወደ ሽንት የሚያልፍ ፕሮቲን)?

ጠያቂዋ
ኮሌስትሮል ሁለት ዓመት አልፎታል። ሽንቱን ስኳር ብቻ ነው ያዩለት መሰለኝ።

መልስ
እኔን የሚያስጨንቀኝ ይሄ ነው። ካርድስ በተባለው የ2004 እ.ኤ.አ. ጥናት ስኳር ባለባቸው 2,838 ሰዎች ላይ 10 ሚሊግራም አቶርቫስታቲን (ኮሌስትሮል የሚቀንስ፣ ስታቲን ከሚባሉት መድኃኒቶች አንዱ) ከባድ የልብ ችግርና ስትሮክን በ37 በመቶ ቀንሷል። ኤልዲኤል፣ ደም ግፊት፣ የሦስት ወር ስኳርና የሽንት አልቡሚን ይታዩላቸው፣ ስለ ስታቲንም ሐኪሙን ጠይቁት። አንድ እግራቸው ብቻ ካበጠ፣ ድንገት ትንፋሽ ካጠራቸው ወይም ደረታቸውን ከጨመደዳቸው ግን ቀጠሮ ሳትጠብቁ ድንገተኛ ክፍል ውሰዷቸው።

ጠያቂዋ
እግዜር ይስጥልኝ። ማክሰኞ ቀጠሮ አለው፣ አብሬው እገባለሁ። የጥርሱን ነገር አሁን ነገርኩት፣ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተው።