ለዓሳ ንግድ፦ ፍሪዘር በራስ ገንዘብ ወይስ በብድር?

ጣናዳር፦ ባሕር ዳር ላይ ዓሳ ገዝቼ ለምግብ ቤቶች ላከፋፍል ነው። በእጄ 300 ሺህ ብር አለ። ግማሹን ፍሪዘር ልግዛበት?

ሒሳብ_አዋቂ፦ ተው! ዓሣ አጥማጁ በእጅ በእጅ ነው የሚፈልገው፣ ምግብ ቤቱ ግን በ15 ቀን ይከፍልሃል። በቀን 50 ኪሎ በ200 ብር ብትገዛ፣ 150 ሺህ ብር ሁሌም ሰው እጅ ላይ ነው። በሁዳዴ ደግሞ ዓሳ ፈላጊው ስለሚበዛ ይብሳል። ጥሬ ገንዘብህ ለሥራ ማስኬጃ ይሁን።

ግዮን፦ ልክ ነው። ፍሪዘሩን ፕሮፎርማ (የሻጩን የዋጋ ማቅረቢያ) ይዘህ በካፒታል ዕቃ ሊዝ ጠይቅ፤ ማለትም የሊዝ ድርጅቱ ዕቃውን ገዝቶ ያከራይሃል፣ አንተ ቀስ በቀስ ትከፍላለህ። ክፍያው እስኪያልቅ ዕቃው በአከራዩ ስም ስለሚቆይ ዋናው ዋስትና እሱ ነው። ቅድመ ክፍያው 20 በመቶ ቢሆን ለ150 ሺህ ብር ፍሪዘር 30 ሺህ ብቻ ታወጣለህ። የአጭር ጊዜ ብድር ግን ለፍሪዘር እንዳትወስድ፤ ዕቃው ወጪውን ሳይመልስ የብድሩ መክፈያ ጊዜ ይደርሳል።

ሒሳብ_አዋቂ፦ ሸሪክ ከገባ ወለድ የለም፣ ትርፉን ግን ለዘለቄታው ትካፈላላችሁ። ዕቁብም ጥሩ ነው፣ ዕጣው መቼ እንደሚወጣልህ ግን አታውቅም።