ገመድ አልባው ደወሌ ኩሽና ሲገባ ዝም ይላል፤ ሌሊት ደግሞ በራሱ ይጮኻል

ጥያቄ፦
ሰላም ወገኖች። ኤሌክትሮኒክስ ከጀመርኩ ገና ሁለት ወሬ ነው። እማዬ ታማ ተኝታለች፤ ድምጿም ደክሟል። ስትፈልገኝ የምትጫነው ቁልፍ አልጋዋ አጠገብ፣ ደወሉ ኩሽና ይሁን ብዬ ሁለት አርዱይኖ ኡኖ (ፕሮግራም የሚጫንባቸው ትንንሽ ሰሌዳዎች) እና የ433 ሜጋኸርዝ ሬዲዮ ላኪና ተቀባይ ሞጁል ገዛሁ። ቁልፉ ሲጫን የላኪው ዳታ ፒን (ምልክት የሚያልፍበት እግሩ) ቮልቴጅ ከፍ ይላል፤ የተቀባዩም ፒን ከፍ ሲል ደወሉ ይጮኻል። ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ሲሆኑ ይሠራሉ። ኩሽና ስወስደው ግን ጭጭ። ይባስ ብሎ ሌሊት ማንም ሳይነካው ይጮኻል። ትናንት ሁለቴ በድንጋጤ ተነስቼ ሮጫለሁ። ሞጁሉ ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ 1፦
እናትህን እግዜር ይማርልህ። አንቴና አድርገህለታል? እነዚህ ሞጁሎች ብዙ ጊዜ ባዶአቸውን ነው የሚመጡት። ጠርዙ ላይ የአንቴና ቀዳዳ አለ። 17.3 ሳንቲ ሜትር ሽቦ ቆርጠህ በይድበት፤ ላኪውም ተቀባዩም ላይ። ቁጥሩ እንዲህ ነው የሚመጣው፦ 300ን ለ433.92 (ለሞጁሉ ትክክለኛ ሜጋኸርዝ) ስታካፍል የሞገዱን ርዝመት በሜትር ታገኛለህ፣ 69 ሳንቲ ሜትር ገደማ። የሱ ሩብ ነው። ሽቦውን አትጠቅልለው፣ ቀጥ ብሎ ይቁም። ከብረትም አርቀው።

መልስ 2፦
የሌሊቱ ጩኸት ብልሽት አይደለም። ተቀባዩ የሚሰማው ሲያጣ ጆሮውን ይበልጥ ያቆማል፤ አየር ላይ ያለውን ጫጫታ ሁሉ እየለቀመ ፒኑን ከፍ ዝቅ ያደርገዋል። ስለዚህ ፒኑን በቀጥታ አታንብበው። ሬዲዮሄድ የሚባለውን ላይብረሪ (ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ኮድ) ጫን። እሱ ከመልእክቱ በፊት ማንቂያ ቢቶች፣ ከኋላ ደግሞ ማረጋገጫ ቁጥር ይጨምራል፤ ተበላሽቶ የደረሰውን ይጥለዋል። ካልቀየርከው ላኪውን በ12፣ ተቀባዩን በ11 ፒን ይፈልጋል። አንዱን መልእክት ሦስት አራት ጊዜ ደጋግመህ ላከው።

መልስ 3፦
እኔ ብሆን ሁለት ኢኤስፒ32 (ዋይፋይ ያላቸው ሰሌዳዎች) ገዝቼ በኢኤስፒ-ናው፣ ማለትም ሰሌዳዎቹ በቀጥታ እርስ በርስ በሚነጋገሩበት ዘዴ፣ እሠራው ነበር። ራውተር አይፈልግም፤ መልእክቱ መድረሱንም ለላኪው ይነግረዋል።

መልስ 4፦
ያ ጥሩ ነው፣ ግን የያዘውን ይጨርስ። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። የ433ቱ ላኪ ይናገራል እንጂ አይሰማም። ባትሪው ቢያልቅ እናትህ ቁልፉን ትጫናለች፣ አንተ ኩሽና ሆነህ ምንም አትሰማም። ለአያቴ ስሠራ ይህን አላሰብኩም ነበር፤ ግማሽ ቀን ሙሉ ሞቶ የቆየ ደወል አምነን ተቀምጠናል። ላኪው በየ30 ሴኮንዱ «አለሁ» የሚል አጭር መልእክት ይላክ። ተቀባዩ ሁለት ደቂቃ ካልሰማው ቀይ መብራት ያብራ፣ ለየት ያለ ድምፅም ያሰማ። አራት ማዕዘኗን የ9 ቮልት ባትሪ ደግሞ ተዋት። ኡኖ ዝም ብሎ እንኳ 50 ሚሊአምፔር ገደማ ይበላል፤ እሷ የምትይዘው 500 ሚሊአምፔር ሰዓት አካባቢ ነው። በጠዋት ብታስገባት ማታ ላይ ታልቃለች። የስልክ ቻርጀር ይሻልሃል።

ጠያቂው፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አንቴናውን በየድኩ፤ ሁለት ግድግዳ አልፎ ጮኸ! ፍሪጁ ላይ ሳስቀምጠው ይደክም ነበር፣ ወደ እንጨት መደርደሪያው ሳዞረው ተስተካከለ። ላይብረሪውንም ጭኛለሁ። ዛሬ ሌሊት አንዴ ብቻ ጮኸ፤ እሱም እማዬ ውሃ ጠምቷት ነው። ላኪውን ቻርጀር ላይ ሰክቼዋለሁ። «አለሁ» የሚለውን ዛሬ ማታ እጽፈዋለሁ።