ሎንግ፣ ቶል፣ ሃይ፦ በምን ልለያቸው?

የጀልባ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ያለሁት ባሕር ዳር ነው፤ እንግዶችን በጀልባ ዘጌ ማድረስ ጀምሬያለሁ። እንግሊዝኛ መናገሩ ብዙም አያስቸግረኝም። ግራ የሚያጋቡኝ ትርጉማቸው የተቀራረበ ቃላት ናቸው። መዝገበ ቃላት ስገልጥ ሎንግም ረጅም ነው፣ ቶልም ረጅም ነው፣ ሃይ ደግሞ ከፍተኛ ይልና ዞሮ እዚያው ረጅም ላይ ይመጣል። ታዲያ ሰውን፣ ዘንባባን፣ ተራራን፣ ፏፏቴን የቱን ልበል? ሲ፣ ሉክ እና ዎችም ያው ማየት ናቸው። ሕጉን የሚያውቅ ካለ ይጻፍልኝ፣ እሸመድደዋለሁ።

መምህርት፦
ወንድሜ፣ ሕግ ከምትሸመድድ ቃሉን አብሮት ከሚሄደው ስም ጋር ያዘው። እስቲ የራሳችንን ተመልከት። ጋቢ እንለብሳለን፣ ቀለበት እናጠልቃለን፣ ጫማ እንጫማለን፣ መነጽር እናደርጋለን። እንግሊዝኛ አራቱንም ዌር ብሎ ያልፋል። ገንዘብ እንበደራለን፣ ድስት እንዋሳለን፤ እነሱ ዘንድ ሁለቱም ቦሮው ነው። ይኼን ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረህም፤ ጫማ ስትል መጫማት አብሮ ይመጣልሃል። የእነሱም እንደዚያው ነው።

ወደ ጥያቄህ ስመጣ፣ ሎንግ ከጫፍ እስከ ጫፍ ለሚለካ ነገር ነው፤ መንገድ፣ ጸጉር፣ ታንኳ። አዲሱ የዓባይ ድልድይ 380 ሜትር ሎንግ ነው። ቶል ከመሬት ተነስቶ ሽቅብ ለቆመና ብዙ ጊዜ ቁመቱ ከወርዱ ለሚበልጥ፦ ሰው፣ ዛፍ፣ ፎቅ። ሃይ ደግሞ ለተራራ፣ ለግንብ አጥር፣ ለጣሪያ፣ ከዚያም አልፎ ከመሬት ለራቀ ነገር ሁሉ። የጎዳናችን ዘንባባ ቶል ነው፤ ጫፉ ላይ ያረፈችው ወፍ ግን ሃይ እንጂ ቶል አትባልም፣ እሷማ ትንሽ ናት። ተማሪዎቼ አብዝተው የሚስቱት ሰውን ሎንግ ማለት ነው፤ አደራ አንተም እንዳትል። ለፏፏቴ ሁለቱንም ትሰማለህ። ጢስ ዓባይ 40 ሜትር ገደማ ነው፣ ቁጥሩን ስትጠራ ሃይ በል።

የካምፓስ ልጅ፦
ኦክስፎርድ ለተማሪዎች ያዘጋጀው መዝገበ ቃላት ኢንተርኔት ላይ በነጻ አለ። ፍቺውን ተወውና ምሳሌ ዓረፍተ ነገሮቹን አንብብ።

ነባር አስጎብኚ፦
መምህርት ያሉት ልክ ነው፣ እኔ ከሥራው በኩል ልጨምር። ዓባይ ከጣና በሚወጣበት አካባቢ ጉማሬ ብቅ አለ እንበል። ዓይንህ ውስጥ ከገባ ሲ ነው። እንግዳው ፊቱን ወደዚያ እንዲያዞር በጣትህ ስታሳየው ሉክ ትላለህ፤ ጉማሬውን ከጠራህ አት አስከትል፣ አለዚያ ይጎድላል። ሞተሩን አጥፍታችሁ ሲጠልቅ ሲወጣ ስትከታተሉት ዎች ነው። ኡራ ኪዳነ ምሕረት ስትገቡ የመቅደሱ ሥዕል አይንቀሳቀስም፣ ስለዚህ ሉክ አት እንጂ ዎች አይባልም።

እኔን ከዚህ ይልቅ የሚያሳስበኝ ሶርስ እና አውትሌት ነው። ጣና ዳር ቆመን የዓባይ ሶርስ ይኼ ነው እንላለን፣ የውጭ መጻሕፍትም ብዙ ጊዜ እንደዚያ ይላሉ። ግን ሶርስ መነሻ ነው። ግልገል ዓባይ ሰከላ ውስጥ ከግሽ ዓባይ ምንጭ ተነስቶ ጣና ይገባል፤ ባሕር ዳር ላይ የምናየው ውኃው ከሐይቁ የሚወጣበት ነው፣ አውትሌት ማለት እሱ ነው። ስለ ግሽ ዓባይ አንብቦ የመጣ እንግዳ ይጠይቅሃል፤ ሁለቱን ቃል ለይተህ ከያዝክ ወንዙንም በትክክል ታስረዳዋለህ። ዘጌንም አይላንድ፣ ማለትም ደሴት፣ አትበል፤ ፔኒንሱላ ነው፣ በአንድ በኩል ከየብስ ስለተያያዘ በመኪናም ይገባል። አይላንድ እነ ክብራን ገብርኤል፣ ደብረ ማርያም፣ ዳጋ እስጢፋኖስ ናቸው።

የጀልባ ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ፣ ወፏ በጣም ገባችኝ። አንድ ብቻ ልጨምር፦ ገዳምን ቸርች ልበል ሞናስተሪ?

ነባር አስጎብኚ፦
እንደ ቦታው ነው። መነኮሳቱ ከነግቢያቸው ሞናስተሪ፣ የሚቀደስበት ሕንፃ ቸርች። ክብራን ገብርኤል ሴቶች እንደማይገቡ ስትናገር ሞናስተሪ በል፤ ደግሞ ጀልባ ላይ ሳይወጡ ንገራቸው፣ ደርሰው ሲሰሙት ቅር ይላቸዋል።